ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ደኅንነትና ስለ ገዢው እምነት

ሰው ገንዘቡን አውጥቶ አንድ ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ የሚገዛው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ የሻጩንም ቃል አብሮ ይገዛል። እህል የሚሸምት ሰው እህሉን በእጁ ዘግኖ በጥርሱም ቆርጥሞ ያውቀዋል፤ በቅሎ የሚገዛም ጥርሷን አይቶ ሰኮናዋን አንሥቶ ጥቂት መንገድም ተቀምጦባት ይፈትናታል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ አውቶሞቢል ግን እንዲህ ሊፈተን አይችልም። ኃይሉ ያለው ከወለሉ በታች በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑም በገዢው ፊት አይከፈትም፤ ቢከፈትም ገዢው አይቶ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ዓይኑ በማያየው ነገር ላይ የብዙ ዘመን ጥሪቱን ብቻ ሳይሆን የራሱንና የልጆቹን ሕይወት አደራ ይሰጣል። አደራም ያለ ምስክር አይሰጥም።

አውቶሞቢል በኢትዮጵያ ምድር መታየት የጀመረው ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አንድ አውቶሞቢል ባመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የገቡት አብዛኞቹ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ ነበሩ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ግን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የውሳኔውም ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን በአገር ውኃ ይሠራል። በመጋቢት ወር 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት እንዲችል ሆኖ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የራሱን ምንጭ ትቶ የጎረቤቱን ውኃ በገንዘብ የሚገዛ ሰው ብልህ እንደማይባል ሁሉ፤ አገርም የራሷ ኃይል እያለ የሌላውን መግዛቷ አይመሰገንም።

ከዚህ ውሳኔ በኋላ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሚታዩት አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ የተሠሩት በቻይና ነው። ቻይና በዛሬው ዘመን ከዓለም ሁሉ ይልቅ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በብዛት የምትሠራ አገር በመሆኗ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን አንድ የሚታሰብ ነገር አለ። ሁለት መንገድ የነበረው ሰው አንዱን በፈቃዱ ቢመርጥ የምርጫው ኃላፊነት የራሱ ነው። አንደኛው መንገድ በሕግ በተዘጋ ጊዜ ግን የተከፈተው መንገድ ከገደል የራቀ መሆኑን የማረጋገጡ ሥራ በመንገደኛው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ሕግ ምርጫን ካጠበበ እምነትንም ሕግ ሊያሰፋ ይገባል።

ስለዚህ ነገር በሕዝቡ ዘንድ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ ወገን «የቻይና ዕቃ ነው፤ በድንገት ይቃጠላል፤ ሰውም በውስጡ ተቈልፎ ይቀራል» እያለ ያስፈራራል። ሁለተኛው ወገን፤ ይልቁንም ሻጩ፤ «ምንም ዓይነት ሥጋት የለበትም» ብሎ ይምላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚናገሩ ናቸው። የአገር ሰው «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ማለቱ ገንፎውን ድፋው ማለት አይደለም፤ አይተህ ብላ ማለት ነው እንጂ። ስለዚህ ነገሩን በየወገኑ ለይቶ ማየት ይሻላል።

ስለ እሳት የሚነገረው በቊጥር ሲመዘን ወሬው እንዳገነነው ሆኖ አይገኝም። የስዊድን የሕዝባዊ አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 የደረሰውን የአውቶሞቢል ቃጠሎ ቈጥሮ እንዳስታወቀው፤ በአጠቃላይ ከ100,000 አውቶሞቢሎች 68 ያህሉ ሲቃጠሉ፤ ከኤሌክትሪክና ከቅይጥ አውቶሞቢሎች ግን ከ100,000 የተቃጠሉት 4 እንኳ አይሞሉም። እርግጥ ነው፤ የኤሌክትሪኮቹ ዕድሜ ገና አጭር ነው፤ አሮጌ ዕቃም ከአዲስ ይልቅ ለብልሽት የቀረበ ነው። ይህም ቢታሰብ «የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከቤንዚኑ ይልቅ ዘወትር ይቃጠላል» የሚለው አባባል መሠረት የሌለው መሆኑ ግልጥ ነው።

ይሁን እንጂ የእሳቱ ጠባይ ልዩ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ነዶ ያልቃል። የሊቲየም ባትሪ ግን አንዱ ክፍል በግጭት፤ በአሠራር ጕድለት፤ ወይም ከመጠን ባለፈ ሙቀት ሲበላሽ ሙቀቱ ወደ ጎረቤቱ ክፍል ይተላለፋል፤ ያም ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ የሚወጣውም ጢስ መርዝ ያለበት ነው። እሳቱን ለማብረድ ብዙ ውኃና ረዥም ሰዓት ያስፈልጋል፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። ባትሪዎችም ሁሉ አንድ አይደሉም። ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ባትሪ ኒኬል ካለበት ባትሪ ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል። ስለዚህ ገዢው ስለ ቀለሙና ስለ መስኮቱ ብቻ ሳይሆን ባትሪው ከምን እንደ ተሠራ ሊጠይቅ፤ ሻጩም በጽሑፍ ሊመልስለት ይገባል።

«የቻይና ሥራ» ተብሎ በአንድ ቃል የሚነቀፈውም እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ላንድዊንድ የተባለ የቻይና አውቶሞቢል በጀርመን አገር በግጭት በተፈተነ ጊዜ የፊቱ አካል ተጨፍልቆ የነጂውን ስፍራ በማጥፋቱ የቻይና አውቶሞቢል ስም በአውሮፓ ሁሉ ተነቀፈ። ከ17 ዓመት በኋላ ግን፤ በ2022፤ አቶ 3 የተባለው የቢ ዋይ ዲ አውቶሞቢልና ኤም ጂ 4 የተባለው በአውሮፓው የግጭት ፈተና የመጨረሻውን ማዕርግ፤ 5 ኮከብ፤ አገኙ። እንግዲህ በ2005 የተባለውን ይዞ የዛሬውን መንቀፍ ፍርድ ማጓደል ነው።

ነገር ግን በ2022 የተባለውንም ይዞ ሁሉን ማመስገን እንዲሁ ነው። ያው ኤም ጂ የተባለው፤ ባለቤትነቱ የሻንጋዩ ሳይክ ኩባንያ የሆነው፤ ኤም ጂ 5 የሚባል የቤንዚን አውቶሞቢል ነበረው፤ ይህም በ2023 በአውስትራሊያ ተፈትኖ አንድ ኮከብ እንኳ ሳያገኝ ቀረ። አንድ ባለቤት፤ አንድ ስም፤ አንዱ 5 ኮከብ፤ ሁለተኛው ባዶ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ እምነት የሚጣለው በአገር ስም ወይም በኩባንያ ስም ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሞዴል የፈተና ወረቀት ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ደግሞ የቻይና መንግሥት ራሱ በገዛ ፋብሪካዎቹ ቃል ብቻ የማይታመን መሆኑ ነው። በ2020 ያወጣው የባትሪ ደንብ አንድ የባትሪ ክፍል ሲበላሽ አደጋው ወደ ተሳፋሪው ከመድረሱ ከ5 ደቂቃ በፊት አውቶሞቢሉ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። በ2025 የወጣው አዲሱ ደንብ ግን ይህ አይበቃም ብሎ ባትሪው ቢያንስ ለ2 ሰዓት እንዳይቃጠልና እንዳይፈነዳ፤ ከሥሩም ተመትቶ እንዲፈተን አዝዟል፤ ለአዲስ ሞዴሎችም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት ተወስኗል። በማርች ወር 2025 በአንሁይ አውራጃ አንድ ሻኦሚ ኤስ ዩ 7 ራሱን በሚመራበት ሥርዓት ሲጓዝ ቈይቶ በፍጥነት መንገድ ላይ ተጋጭቶ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሞቱ ጊዜም፤ መንግሥቱ ኩባንያዎች አውቶሞቢላቸው ያለ ነጂ የሚሄድ አስመስለው እንዳያስተዋውቁ ከለከለ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አልከፈት የሚል የበር እጀታም ሥጋት በማምጣቱ፤ እያንዳንዱ በር ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈትበት መሣሪያ እንዲኖረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ የሚጸና ደንብ ወጣ። ሠሪው አገር በራሱ ሥራ ላይ ይህን ያህል ከተጠራጠረ፤ ተቀባዩ አገር ከዚያ ያነሰ ሊጠራጠር አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ክፍተት ይታያል። በሴፕቴምበር ወር 2024 ቢ ዋይ ዲ ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ ከተባሉት ሞዴሎቹ 96,714 አውቶሞቢሎችን በመሪው መቈጣጠሪያ ውስጥ ባለ አንድ ዕቃ ጕድለት ምክንያት፤ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፤ ለጥገና ጠራ። ዩዋን ፕላስ የሚባለውም በአውሮፓ አቶ 3 ተብሎ 5 ኮከብ ያገኘው ነው። ስለዚህ ፈተና ማለፍ የነገሩ መጨረሻ አይደለም፤ ጕድለት ከሽያጭ በኋላ ሊገለጥ ይችላል፤ በዚያን ጊዜም ኩባንያው የእያንዳንዱን አውቶሞቢል ባለቤት አግኝቶ ሊነግረው ያስፈልጋል። በቻይና ያለው ባለቤት ይጠራል፤ አውቶሞቢሉም ያለ ዋጋ ይታደሳል። ነገር ግን ከነዚያ አንዱ በአንድ ነጋዴ እጅ ከቻይና ገበያ ተገዝቶ፤ በጅቡቲ በኩል አልፎ፤ አዲስ አበባ ገብቶ ቢሆን ጥሪው ለማን ይደርሳል? ኩባንያው አውቶሞቢሉ የት እንዳለ አያውቅም፤ ባለቤቱም ጥሪ መኖሩን አይሰማም፤ ጥሪው የተጻፈበትንም ቋንቋ አያነብም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። የጀርመኑ ፎልክስዋገን ከቻይና ሸሪኮቹ ጋር የሚሠራው አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የተሠራ ሲሆን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሲሄድ ይታያል። እንዲህ ያለው አውቶሞቢል ማስጠንቀቂያውን በቻይንኛ ፊደል ይጽፋል፤ ነጂውም ምልክቱ ሲበራ «ፍሬኑ ነው ወይስ ባትሪው?» እያለ ይገምታል። አምስት ደቂቃ ቀድሞ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ሊያነበው ለማይችል ሰው ምን ይጠቅመዋል? የኃይል መሙያው አፍና የመቈጣጠሪያው ፕሮግራምም ለዚያው አገር ሥርዓት የተዘጋጁ ናቸው።

የቻይና መንግሥት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠሩ የመንገደኛ አውቶሞቢሎች ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላኩ አድርጓል። ሰሌዳ ካወጡ 180 ቀን ሳይሞላቸው «ያገለገሉ» ተብለው የሚላኩ አውቶሞቢሎችም ከፋብሪካው የጥገና አገልግሎት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው አዝዟል። ይህ ለተቀባይ አገሮች መልካም አጋጣሚ ነው። ላኪው አገር በር ላይ ወረቀት ከጠየቀ፤ ያንኑ ወረቀት በተቀባዩ በር ላይ መጠየቅ ለጉምሩክ ሹም አዲስ ሸክም አይሆንበትም። አስቀድመው የገቡት ግን በዚህ ደንብ አይነኩምና ለእነርሱ ልዩ አሳብ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚህም ሌላ የአገሩ መሬትና የኑሮው ሥርዓት የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። በቤይጂንግ አስፋልት ላይ የሚሄድ አውቶሞቢል ሥሩ አይመታም፤ በኮብል ድንጋይና በጠጠር መንገድ፤ በጕድጓድና ከፍ ብሎ በተሠራ የፍጥነት መግቻ ላይ የሚሄድ ግን ባትሪውን የያዘውን የሥረኛውን ሣጥን ደጋግሞ ያስመታል። ሣጥኑ ቢሰነጠቅ ውኃ ይገባዋል፤ ጕዳቱም ዕለቱን ሳይታይ ቈይቶ ሊገለጥ ይችላል። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሰውም ባትሪው ሙሉ ከሆነ ሞተሩ ቁልቁለቱን ወደ ኃይል እየለወጠ የሚይዝበት ችሎታ እንደሚቀንስና ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ እንደሚወድቅ ሊነገረው ይገባል። በአፋር ሙቀት የሚነዳም ሙቀት የባትሪን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ሊያውቅ ይገባዋል።

የቤቱ ሽቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚቀር ነገር ነው። ለመብራትና ለምጣድ የተዘረጋ አሮጌ ሽቦ፤ የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት፤ በግቢ ውስጥ የተጎተተ ቀጭን ማራዘሚያ፤ እነዚህ ሁሉ ሌሊቱን በሙሉ ሳያቋርጥ አውቶሞቢል ለመሙላት አልተሠሩም። ሶኬቱ ግሎ ቤት ቢቃጠል «የቻይና አውቶሞቢል አቃጠለ» ይባላል፤ ነገር ግን ያቃጠለው ሽቦው ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት የሚጠፋው ቤቱን የሚመረምር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲገኝና ምርመራውም ልማድ ሲሆን ነው።

ስለ ኃላፊነት ሕግ የለም ሊባል አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ በማቅረብ የሚያተርፍ ሰው ዕቃው እንደ ልማዱ ሲሠራበት ላደረሰው ጕዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ ሻጭም ስለ ተሰወረ ጕድለት የሚጠየቅበትን ወስኗል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቊጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ሠሪው በሼንዘን፤ ሻጩ በዱባይ፤ አስመጪውም ዛሬ ከፍቶ ነገ በሚዘጋ ሱቅ ውስጥ ሲሆን መብቱ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ የጐደለው ሕጉ አይደለም፤ ሕጉ የሚይዘው እጅ ነው።

ለዚህም በየመሥሪያ ቤቱ ሊደረግ የሚቻለው ግልጥ ነው። አንደኛ፤ ማንኛውም ሞዴል ከመግባቱ በፊት የግጭቱና የባትሪው ፈተና ወረቀት ተመርምሮ በደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደንብ መሠረት ይመዝገብ። ሁለተኛ፤ አስመጪው የእያንዳንዱን አውቶሞቢል የሻንሲ ቊጥርና የገዢውን አድራሻ ይዞ፤ ከፋብሪካው የጥገና ጥሪ በወጣ ጊዜ ባለቤቱን ጠርቶ እንዲያስጠግን ይገደድ፤ አስመጪው ቢጠፋም መዝገቡ በመንግሥት እጅ ይኑር። ሦስተኛ፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ትርጕም በአማርኛና በሌሎቹ የአገር ቋንቋዎች ተጽፎ ከቁልፉ ጋር ለገዢው ይሰጥ። አራተኛ፤ ለቤንዚን አውቶሞቢል ተብሎ የተዘጋጀው ዓመታዊ ምርመራ የባትሪውን ሣጥን፤ የከፍተኛ ኃይሉን ሽቦና የበሩን የእጅ መክፈቻ እንዲጨምር ይደረግ። አምስተኛ፤ ያገለገለ አውቶሞቢል ሲሸጥ የባትሪው ጤንነት የሚገልጥ ወረቀት አብሮ ይቅረብ። ስድስተኛ፤ የጋራዥ ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች ከዚህ ዕቃ ጠባይ ጋር ይተዋወቁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ጭምር ነው፤ ብርቱካን ቀለም ያለውን የከፍተኛ ኃይል ሽቦ ምንነቱን ሳያውቅ በፒንሳ የሚይዝ መካኒክ ሕይወቱን ያጣልና።

ይህን ሲሰሙ «የአውቶሞቢሉ ዋጋ ይወደዳል፤ አስመጪውም ይሸሻል» የሚሉ አይጠፉም። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ምርመራ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ነገር ግን ሳይመረመር በሚገባው ላይ የሚከፈለው ዋጋ ይበልጣል። አንድ አውቶሞቢል በአደባባይ ቢቃጠል፤ ምክንያቱም በግልጥ ሳይነገር ቢቀር፤ የሚጠፋው ያ አንዱ አውቶሞቢል ብቻ አይደለም፤ በነጋታው የሺህ ገዢዎች ልብ ይሸሻል፤ በውኃ ኃይል የመንቀሳቀሱም ሐሳብ አብሮ ይነቀፋል። ስለዚህ አደጋ በደረሰ ቊጥር ተመርምሮ ምክንያቱ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ከሆነ የፋብሪካው፤ የሽቦው ከሆነ የሽቦው፤ የነጂው ከሆነም የነጂው ይባል። እውነት በተነገረበት ስፍራ ወሬ ቦታ አያገኝም። መሥሪያ ቤቶች ለራሳቸው አገልግሎት አውቶሞቢል በሚገዙበት ጊዜም ከላይ የተባሉትን ወረቀቶች ቢጠይቁ፤ ትልቁ ገዢ የጠየቀውን ነጋዴው ለታናሹም ማቅረብን ይለምዳል።

የቤተ ክህነት ሰዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ብዙ ቤተ ሰብ ትልቅ ወጪ ሊያወጣ ሲያስብ የነፍስ አባቱን ያማክራል፤ በአጥቢያውም የሰማውን ወሬ ወደ ካህኑ ያመጣል። ካህኑ ነገሩን ሳያጣራ «የእሳት ሠረገላ ነው፤ አትግዛ» ቢል ወይም «ግዛ፤ ምንም አይደርስብህም» ቢል ሁለቱም ከማወቅ የወጣ ምክር አይደለም። «የፈተና ወረቀቱን አይተሃልን? ዋስትናውን የሚሰጥህ ማን ነው? የቤትህን ሽቦ አስመርምረሃልን?» ብሎ ቢጠይቅ ግን የመምህር ሥራ ሠራ። ነጋዴውንም ቢሆን ሐሰተኛ ሚዛን በቅዱሳት መጻሕፍት የተነቀፈው ስለ እህልና ስለ ቅቤ ብቻ እንዳይደለ ማሳሰብ ይገባል። ያረጀ ባትሪ ያለውን አውቶሞቢል «አዲስ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሚዛኑን ያጣመመ ነው፤ የጐደለውም እፍኝ እህል ሳይሆን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ገዢውም ቢሆን ዋጋውና ውበቱ ስለ ማረከው ብቻ መቸኰል አይገባውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ተብሏልና፤ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ወረቀቱን ማየት ለብዙ ዓመት ተረጋግቶ ለመንዳት ይጠቅማል።

እንግዲህ የቻይና የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በስሙ ሊፈራም በስሙ ሊታመንም አይገባውም። ከመካከላቸው በዓለም ፊት ተፈትነው የተመሰገኑ አሉ፤ ተፈትነው የተነቀፉ አሉ፤ ማን እንደ ፈተናቸው ሳይታወቅ በየመንገዱ የሚሄዱም አሉ። የሹማምንቱ ሥራ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ለሕዝብ ማሳየት ነው። ይህ ሲደረግ በቤንዚን ፈንታ በአባይ ውኃ ኃይል ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው አባት የሻጩን መሐላ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ማኅተም ይዞ ይነዳል፤ ማኅተሙም ከተጣራ እውነት ላይ የተመታ ሲሆን እምነቱ ይጸናል።